ትንሽ ነን ብላችሁ ኮድ ሪቪውን አትተዉት

ጎንደር ውስጥ ኮድ ጽፈን የምናድር ሰዎች ብዙ አይደለንም። ያለነውም አብዛኞቻችን ሦስት አራት ሆነን ነው የምንሠራው። አንዱ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ተከራይቶ፣ አንዱ ማራኪ ከቤቱ ሆኖ፣ ሌላው ከአዘዞ እየተመላለሰ። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ «ኮዳችንን ሪቪው እንደራረግ»፣ ማለትም አንዱ የጻፈውን ለውጥ ከመግባቱ በፊት ሌላው ያንብበው ብትሉ መልሱ የታወቀ ነው። «እኛ እኮ ትንሽ ነን፤ እሱ ለትልልቅ ካምፓኒ ነው።» እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ትልቁ ካምፓኒ አንድ ሰው ቢሄድበት ሌላ አሥር ሰው አለው። እኛ የለንም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ጉዳዩን ቁጭ ብለው ያጠኑ ሰዎች አሉ፣ ያገኙት ነገር ደግሞ አብዛኛው ዴቨሎፐር ከሚያስበው ይለያል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1976 የአይቢኤሙ ማይክል ፌገን የኮድ ኢንስፔክሽንን አሠራር ጽፎ አወጣ። ከባድ ሥርዓት ነበር። ስብሰባ ይጠራል፣ ስብሰባውን የሚመራ ሰው ይመደባል፣ ኮዱ ይነበባል፣ የተገኘው ስህተት ይመዘገባል፣ ከዚያ መታረሙ ይረጋገጣል። ይሠራል፤ ግን ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ መገኘት አለበት። ዛሬ እኛ የምናውቀው ሪቪው ከዚያ በጣም ቀለል ያለው ነው። ለውጥህን ትልካለህ፣ ሌላው በሚመቸው ሰዓት አንብቦ አስተያየቱን ይጽፋል። የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ሰዎች በኢሜይል ፓች፣ ማለትም የለውጥ ፋይል፣ እየተላላኩ ሲሠሩበት ኖረዋል። የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት በ2005፣ ኮድ በጋራ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሀብ በ2008 ከመጡ በኋላ ደግሞ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን አይታችሁ አስገቡልኝ» የሚል ጥያቄ) የማያውቅ ዴቨሎፐር ጠፋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ2013 አልቤርቶ ባኬሊና ክርስቲያን በርድ ማይክሮሶፍት ውስጥ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ዴቨሎፐሮችን ሥራ ላይ ሆነው አዩ፣ ጠየቁ፣ የተጻፉ የሪቪው አስተያየቶችንም እያነበቡ ለዩ። ሰዎቹ «ሪቪው ለምን ታደርጋላችሁ?» ሲባሉ በመጀመሪያ የሚጠሩት ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ማግኘትን ነው። አስተያየቶቹ ሲቆጠሩ ግን ስለ ባግ የሚያወሩት የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም፤ ከነሱም ብዙዎቹ ቀላል ነገሮች ነበሩ። በምትኩ የወጣው ጥቅም ሌላ ነው፦ እውቀት ከሰው ወደ ሰው መሄዱ፣ ቡድኑ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቁ፣ ለአንድ ችግር የተሻለ መፍትሄ መገኘቱ። ከዚያ በፊት በ2009 ማንቲላና ላሴኒየስ የሚባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በሪቪው ከሚገኙት ጉድለቶች 75 በመቶ ያህሉ የፕሮግራሙን አሠራር የማይነኩ፣ ኮዱን ለማንበብና ወደፊት ለመቀየር የሚያስቸግሩ ነገሮች እንደሆኑ አሳይተው ነበር።

ይህን ሲሰማ «ታዲያ ባግ ካልያዘ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አለ። ባግ አይይዝም አላልኩም፣ ይይዛል። ግን ዋስትና አይደለም። በ2014 ዓለምን ያስደነገጠው ሀርትብሊድ የሚባለው የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ሶፍትዌር) የደህንነት ቀዳዳ ሌላ ሰው ሪቪው አድርጎት የገባ ኮድ ነው። ለባግ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) ጻፉ። ሪቪው የሚሰጠውን ነገር ግን ቴስት አይሰጥም።

የሚሰጠው ነገር ጎንደር ላሉ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚህ ልጅ ትንሽ ሲበረታ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይም የርቀት ሥራ ያገኛል። ይሂድ፣ ይቅናው። ግን አንድ ሰው ብቻውን የጻፈው ሲስተም ባለቤቱ ሲሄድ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር። ጻፊው ከሄደ በኋላ አንዲት መስመር የሚነካ ሰው ጠፋ። ኮዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከሱ ሌላ ያነበበው ሰው ስላልነበረ ነው። እያንዳንዱን ለውጥ አንድ ሌላ ሰው ብቻ እንኳ አንብቦት ቢሆን፣ «ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ጠይቆ መልሱ ተጽፎ ቢሆን፣ ያ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ይህ የመማሪያ መንገድ ለአገራችን እንግዳም አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ ደግሞ እዚያው ጓደኞቹ እየሰሙ ያቃኑለታል። አንዱ ሲቃናለት ሌላውም ይማራል። ሪቪውም በግል በቴሌግራም ሳይሆን ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው።

ለኛ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ይመስለኛል። ጀማሪዋ ልጅ የታላቁን ልጅ ኮድ ከፍታ ታነባለች፣ ያልገባት ነገር አለ፣ ግን «እሱን እኔ ልጠይቅ?» ትላለች። «ቆንጆ ነው» ብላ አፕሩቭ ታደርጋለች። ታላቁም በተራው የሷን ሲያነብ «ልጅቷን እንዳላስከፋ» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ ሁለቱም አላነበቡም። እኛ ጋ የሠራው መፍትሄ ቀላል ነው። ጀማሪ ሪቪው ሲያደርግ ቢያንስ አንድ ጥያቄ መጻፍ ግዴታው ነው። ስህተት ማግኘት አይጠበቅበትም፣ ጥያቄ ብቻ። ጥያቄ ማንንም አያስከፋም። የማይክሮሶፍቱ ጥናትም የሪቪው ዋና ፈተና ለውጡን መረዳት ነው ይላል፤ ያልገባው ሰው «አልገባኝም» ካላለ ደግሞ ሪቪው አልተደረገም ማለት ነው። አስተያየቱንም በአማርኛ እንጽፋለን። ኮሚቱ (ከለውጡ ጋር የሚመዘገበው መግለጫ) በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ክርክሩ ግን በምናስብበት ቋንቋ ሲሆን ሰው ይናገራል።

ሌላው የለውጡ መጠን ነው። በ2018 የወጣው የጉግል ጥናት 9 ሚሊዮን ያህል ሪቪው የተደረጉ ለውጦችን አይቶ ነበር። ግማሹ ለውጥ ከ24 መስመር አይበልጥም። 90 በመቶው የሚነካው ከ10 ያነሰ ፋይል ነው። ከ75 በመቶ በላዩን ያነበበው አንድ ሪቪወር ብቻ ነው። እና ግማሹ ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እዩት፣ ስንት ሺህ ኢንጂነር ያለው ቤት አንድ አንባቢ በቂዬ ነው ካለ «ሰው የለንም» የሚለው የኛ ምክንያት አይሠራም። ሁለት ሰው ካለ ይበቃል። የማይበቃው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጽፎ ጽፎ ሦስት ሺህ መስመር ጓደኛ ላይ መጣል ነው። ያንን ማንም አያነብም፤ ከላይ ከላይ አይቶ ያሳልፈዋል።

ከላይ ከላይ ስል ደግሞ አንድ ደስ የሚል ጥናት አለ። በ2022 የታተመ ነው። ፋይሎች ስክሪን ላይ የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል በራሱ ለውጥ ያመጣል፤ ቀድመው የሚታዩት ብዙ አስተያየት ያገኛሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለ ፋይል ውስጥ ያለ ባግ የመገኘት ዕድሉ ያንሳል። ሪቪው የሚደረግበት ቱል (መሣሪያ) አብዛኛውን ጊዜ በፊደል ተራ ነው የሚደረድራቸው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለበት ፋይል ስሙ በመጨረሻዎቹ ፊደላት ከጀመረ ሰው ደክሞት ነው የሚደርስበት። ለውጥ ስትልኩ «መጀመሪያ ይሄን ፋይል እዩ» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ቱል ካነሳን፣ ማሽን የሚችለውን ለማሽን ስጡት። ስፔስና ኮማ ላይ የሚጨቃጨቅ ሪቪው ሰው ያደክማል፣ ፎርማተርና ሊንተር (የኮድን አጻጻፍ በራሳቸው የሚያስተካክሉና የሚፈትሹ ፕሮግራሞች) ይጨርሱት። ግን እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለ። በ2013 ብሪታኒ ጆንሰንና ባልደረቦቿ 20 ዴቨሎፐሮችን «እነዚህን ስህተት ፈላጊ ቱሎች ለምን አትጠቀሙም?» ብለው ጠየቁ። ትልቁ ምሬት የሐሰት ማስጠንቀቂያ ብዛትና የማስጠንቀቂያው አቀራረብ ነበር። ጉግል በዚህ ጠንከር ያለ ሕግ አለው። ቱሉ የሚያወጣው አስተያየት አጠገብ «አይጠቅምም» የሚል መጫኛ ቁልፍ አለ፤ ያ ከ10 በመቶ በላይ የሆነበት ቱል ሊዘጋ ይችላል።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የፌስቡክ ነው። ኢንፈር የሚባለውን ስህተት ፈላጊ ቱላቸውን መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት አስኪደው የተገኘውን ባግ ለዴቨሎፐሮች ይሰጡ ነበር። የሚያርም ሰው ጠፋ፣ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው ይላሉ። ከዚያ ያው ቱል ሪፖርቱን ሪቪው ላይ፣ ሰውየው ኮዱን ገና እየሠራበት እያለ እንዲያወጣ አደረጉት። የሚታረመው ከ70 በመቶ በላይ ሆነ! ልዩነቱ ሰዓቱ ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ያኔ የጻፍከው ነገር ስህተት አለው» ብትሉኝ እኔም አልመለስበትም፤ ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ሄዷል። ይህ ለሰው ሪቪውም እኩል ይሠራል። ስለዚህ ቶሎ አንብቡ። እኛ ጋ ጠዋት መጀመሪያ የጓደኛ ለውጥ ይነበባል፣ አዲስ ኮድ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀመረው።

«መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ቶሎ ማንበብ እንዴት ይሆናል?» ትሉኝ ይሆናል። ጊት እኮ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔት ሲኖር የጓደኛችሁን ብራንች (ለውጡ ያለበትን የኮድ ቅጂ) አውርዱና አስቀምጡ፣ ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ አንብቡት፣ አስተያየታችሁን ተራ ፋይል ላይ ጻፉና ሲመለስ ለጥፉት። ኔት ቀኑን ሙሉ ከጠፋ ደግሞ አንድ ላፕቶፕ ፊት ሁለት ወንበር ሳቡና ተነጋገሩበት። የተነጋገራችሁትን ግን በኋላ ሁለት ሦስት መስመር አድርጋችሁ ለውጡ ላይ ጻፉት፣ እዚያ ያልነበረው ሦስተኛው ሰውም ያንብበው።