ዘንዶ ከራት በኋላ፦ የአንድ ዓመት የፋንታሲ ንባብ ሪፖርቴ

እሺ፣ መስከረም 2017 ላይ "ዘንድሮ ፋንታሲ (ዘንዶና አስማት ያለበት፣ በምናብ ዓለም የሚሆን ልብ ወለድ) አነባለሁ" ብዬ ፎክሬ ነበር፣ የፎከረ ደግሞ ሪፖርት ያቀርባል፣ ይኸው። 9 መጽሐፍ ጨርሻለሁ፣ 3 አቋርጫለሁ፣ አንዱ ደግሞ ገና ሳልጀምረው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያየኛል (እሱን መጨረሻ ላይ ነው የምነግራችሁ፣ አሳፋሪ ነው)። ለአንዳንዶቻችሁ 9 የሁለት ወር ንባብ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ቤቴ ግንፍሌ ሥራዬ ሜክሲኮ፣ የወር መዝጊያ ሲደርስ ደግሞ የራሴን ስምም የምረሳ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ጊዜውን ከየት አመጣኸው ለምትሉኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከየትም አላመጣሁትም። ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ አነባለሁ አልኩ፣ የማነበው ግን አንድ ገጽ ነው፣ ያውም ያንኑ ገጽ ለሦስት ቀን፣ ፈረሰኛው ድልድዩን ሊሻገር ሲል እኔ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ፣ ስልኩ አፍንጫዬ ላይ ይወድቃል፣ በነጋታው ፈረሰኛው እዛው ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዛ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ ብዬ አላርም ሞላሁ። ትንሹ ልጄ አላርሙን ከኔ ቀድሞ ይሰማል። "ባቢ ነጋ?" ይላል። እሱ ነጋ ካለ በቃ ነግቷል።

የሠራልኝ ሦስተኛው ነው፣ የታክሲ ሰልፍ። ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ የሜክሲኮ ሰልፍ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ድሮ እዛ ቆሜ የምሠራው ነገር ቢኖር ተራ አስከባሪውን በሆዴ መራገም ነበር፣ አሁን 20 ደቂቃም ይሁን 40 መጽሐፌን አወጣለሁ። ስልክ አይደለም፣ የወረቀት መጽሐፍ፣ ስልክ የሚነጥቅ ሞልቷል መጽሐፍ የሚነጥቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ችግሩ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አላይም። አንድ ቀን ከፊቴ የነበሩት በሙሉ ተሳፍረው ሄደው እኔ ብቻዬን እንደ ሐውልት ተገትሬ ከኋላዬ ያሉ እናት "የኔ ልጅ፣ ፈተናውን ማታ ታጠናለህ፣ አሁን ግባልን" አሉኝ። በ38 ዓመቴ ተማሪ መሰልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

እንግሊዝኛው ሌላ ፈተና ነው። መጀመሪያ ላይ ያላወቅኳትን ቃል ሁሉ ዲክሽነሪ ላይ እፈልግ ነበር፣ በሰዓት 4 ገጽ። የጦር ልብስ ክፍሎች፣ የፈረስ ኮርቻ ዕቃዎች፣ የግንብ ማዕዘን ምናምን፣ እነዚህን በአማርኛም አላውቃቸውም እኮ! አሁን ያለኝ ሕግ ቃሉ ሦስቴ ካልመጣ አልፈልገውም ነው። ካርታ ካለው ካርታውን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሰዎቹን ስም ደግሞ በተበላሸ የደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። አንዱ ወረቀት ላይ "ፂማሙ፣ የንጉሡ አማካሪ፣ አትመነው" የሚል ጽፌ ኪሴ ውስጥ ረስቼው ባለቤቴ ልብስ ስታጥብ አግኝታው ስለ መሥሪያ ቤታችን መስሏት ደነገጠች።

ተከታታይ መጽሐፍ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ዘ ዊል ኦፍ ታይም"ን ጀምር ብሎ ነዝንዞኝ ነበር፣ ገብቼ ሳይ 14 ቅጽ ነው፣ የመጀመሪያው በ1990 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ደራሲው ሮበርት ጆርዳን ሳይጨርሰው በ2007 አረፈ፣ ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ሌላ ደራሲ ከማስታወሻዎቹ ተነስቶ በ2013 ጨረሰው። ደራሲው ራሱ ዕድሜ ያልበቃውን መጽሐፍ እኔ በታክሲ ሰልፍ? ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እጀምረዋለሁ አልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጥር አካባቢ ንባቤ በደንብ ሄደ፣ በቀን 12 ገጽ፣ 15 ገጽ፣ ቤት ስገባም መጽሐፉ እጄ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትልቋ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለ ክፍሏ ልጆች ታወራኛለች፣ እኔ "እህ... እህ..." እላለሁ፣ ዘንዶው ከዋሻው ሊወጣ ነው። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ "ባቢ፣ አስተማሪያችን ዝሆን ሆነች" አለችኝ። "እህ" አልኩ። ከዛ አላለቀሰችም ምንም አላደረገችም፣ ተነስታ እናቷ ጋ ሄዳ "ዝሆን ሆነች ስለው እህ አለኝ" ብላ ነገረቻት። የልጆቼ እናት ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ተመለሰች፣ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ልጅቷን ጠራኋትና "ዝሆኗን የዋጠ ዘንዶ አለ፣ ልንገርሽ?" አልኳት። "ተረት ተረት" አልኩ፣ ሁለቱም "የላም በረት!" አሉ፣ ተጀመረ። ቀን ሰልፍ ላይ ያነበብኩትን ማታ ከራት በኋላ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ ለመንገር ስል ደግሞ ሳነብ በደንብ ነው የማነበው፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ካልያዝኩ ትልቋ ታፋጥጠኛለች፣ "ትናንት እኮ ወንድሙ ነው ብለሃል" ትለኛለች። ባለቤቴ ሕግ አወጣች፣ ከራት በኋላ ስልኮች ሁሉ ፍሪጁ ላይ። ራሷ ፋንታሲ "በሬ ወለደ" ነው የምትለው፣ ግን ዕቃ እያጠበች ጆሮዋ እኛ ጋ ነው፣ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ እየነገርኳቸው እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሳቆም ከጨለማው ውስጥ "እና ልጅቷስ? እስር ቤት ቀረች?" አለች።

መተርጎሙ ግን ሰው ያስባል። ዊዛርድን ምን ትሉታላችሁ? "ጠንቋይ" ስላቸው ትንሹ ፈርቶ እናቱ ጉያ ገባ፣ እኛ አገር ጠንቋይ ማለት ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚል ነው እንጂ በትር ይዞ ልጆችን የሚጠብቅ ሽማግሌ አይደለም። "ጥበበኛው" አልኩት፣ ተስማሙ። ኤልፍና ድዋርፍ የሚባሉትን የፈረንጅ ተረት ፍጡራን ስማቸውን እንዳለ ተውኩት። ዘንዶ ላይ ነው የተጣላነው፣ የፈረንጁ ዘንዶ ክንፍ አለው እሳት ይተፋል ወርቅ ላይ ይተኛል፣ ትልቋ ደግሞ የምታውቀው ዘንዶ ፒያሳ አራዳ ጊዮርጊስ ስንሄድ በሥዕል ያየችው፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሥር በጦር የተወጋው ነው። "ይሄ ክንፍ የለውም" አለች። እኔም ጭራሽ ነገሩን ላወሳስበው ብዬ አቡነ አረጋዊን ነገርኳት፣ ደብረ ዳሞን ገደሉን ያወጣቸው ዘንዶ ነው፣ በጅራቱ ገመድ ሆኖ። ትንሽ አሰበችና "ስለዚህ የኛ ዘንዶ ሊፍት ነው" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ከሁሉም ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። ግንቦት ላይ እናቴ ለምርመራ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ሁለት ሳምንት ቤታችን ነበረች። ያኔ የማነበው የኧርሱላ ለግዊንን "ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ" ነው፣ የ1968 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ፣ እዛ ዓለም ላይ ማንኛውም ነገር እውነተኛ ስም አለው፣ እውነተኛ ስሙን ያወቀ ያዝዘዋል፣ ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ለሚያምነው ብቻ ነው የሚናገረው። ይሄንን ቡና እየተፈላ ለልጆቹ ስነግራቸው እማዬ ስኒዋን አስቀምጣ "እና ምኑ ነው አዲሱ?" አለችኝ። "በኛ ጊዜ የክርስትና ስሙን ለማንም የሚናገር ነበር? መተት ሊያሠራብህ የሚፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን አይደለም ወይ፣ ስምህንና የእናትህን ስም?"

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኮከብ ቆጣሪው የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቆጥሮ ደምሮ 12 12 እያለ ይገድፈዋል፣ የተረፈችው ቁጥር ኮከብህ ናት። የሂሳብ ሰው ነኝና አስቡት፣ አካፍሎ ቀሪውን መያዝ እኮ ነው! ፋንታሲ አንባቢዎች "ማጂክ ሲስተሙ (የአስማቱ ሕግ) በደንብ የተሠራ ነው" ብለን የምናደንቀው ነገር እናቴ በልጅነቷ ስትፈራው ያደገችው ነው። በዛ ላይ "አስማት" የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ የ"ስም" ብዙ ቁጥር ነው፣ ስሞች ማለት። ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩት ቃል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ግን አሜሪካዊቷ ደራሲ ጋ ሄጄ ነው ያገኘሁት። እማዬ ሳቀችና "ለልጆቹ ግን ማታ ማታ ይሄን አትንገራቸው፣ ይቃዣሉ" አለች፣ ከዛ ራሷ የጅብ ተረት ጀመረችላቸው፣ እሱ የባሰ ነው።

ክፍያም ተጀምሯል። ለትልቋ ስለ "ሆቢት" መጽሐፍ አንድ ታሪክ ነገርኳት፣ ደራሲው ቶልኪን መጽሐፉን ለአሳታሚ ሲያስገባ አሳታሚው ለ10 ዓመት ልጁ ሰጥቶ አስነበበው፣ ልጁ አስተያየቱን ጽፎ አንድ ሽልንግ ተከፈለው፣ ጥሩ ነው ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ይወዱታል አለ (ራሱ 10 ዓመቱ ነዋ፣ ትልቅ ሰው ነው)፣ መጽሐፉም በ1937 እ.ኤ.አ. ታተመ። በነጋታው ልጄ ደብተሯ ላይ "ጥሩ ነው ግን ጦርነቱ በዛ" ብላ ጽፋ መጣችና 10 ብር ጠየቀችኝ። ከፈልኩ። በሳምንቱ 20 ገባ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ይዣቸው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን፣ ከቤታችን በእግር ነው፣ እነሱ የልጆቹን መጽሐፍ ሲያገላብጡ እኔ 30 ደቂቃ ላነብ እችላለሁ፣ አንዳንዴ 10 ትሆናለች፣ ትንሹ ሽንት ቤት ይለኛል። ባለቤቴ የዛን ቀን ከሰዓት ለራሷ ነው፣ ትተኛለች ወይ እህቷ ጋ ትሄዳለች፣ እውነት ለመናገር ንባቤን የታገሰችልኝም ከዚህ በኋላ ነው።

ስለዚህ አሁን ያለሁበት፣ በሥራ ቀን 15 ገጽ ገደማ፣ የወር መዝጊያ ሳምንት ዜሮ (አልዋሽም)። ያቋረጥኳቸው ሦስቱ ሁለቱ ሰው አራጅና ደም በደም ናቸው፣ ማታ ለልጅ የሚነገር ነገር የላቸውም፣ ሦስተኛው 200 ገጽ ሙሉ ሰዎቹ መንገድ ላይ ሾርባ ይጠጣሉ።

ያልጀመርኩትስ? ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መሬት ላይ አንጥፎ ከሚሸጥ ልጅ ነው የገዛሁት፣ ሽፋኑ ላይ ቀይ ዘንዶ፣ ወፍራም፣ 450 ብሎኝ ተከራክሬ በ300 ወሰድኩት፣ ምን ያህል እንደኮራሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ቅጽ 4። በማግስቱ ስመለስ ልጁ "ጋሼ፣ አራተኛ ቢሆንስ ታሪኩ አንድ አይደል?" አለኝ። 1ኛው የለውም፣ 2ኛውም የለውም። እና የዚህን ተከታታይ 1ኛ ቅጽ ያገኘ ካለ በ4ኛው እለውጣለሁ፣ አራት ኪሎም ሜክሲኮም መገናኘት እችላለሁ። ገጹ ሙሉ ነው፣ አልተቀደደም፣ ሽፋኑ ላይ ብቻ ትንሹ ዘንዶውን በእስክሪፕቶ ጋቢ አልብሶታል፣ በርዶት ነው አለኝ።