እህቴ ያለኝ ልጅ

ዛሬ የመጻፍ ሙድ አልነበረኝም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ዝናቡ ደግሞ ያ የማይቆም የማይጠነክር ዓይነት ነው፣ ትንሿን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩን ሳላጠፋ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብርቱካናማ የሞተር ምልክት በርታለች። ድካሙ ይሁን መብራቷ እንጃ ብቻ ሆዴ ባባ።

መኪናዋን ታውቋታላችሁ፣ ያቺ ከዲለር፣ ከመኪና ሻጮቹ፣ የገዛኋት ግራጫዋ። ከገዛኋት ገና ወር ሳይሞላት ነው ቼክ ኢንጂኗ የበራው። ቅዳሜ መካኒኬ ጋሽ መ. ጋ ወሰድኳት፣ እሱ ደግሞ እንደምታውቁት አይቸኩልም፣ መጀመሪያ ቡናውን ጨረሰ፣ ከዛ ስካነሩን ከመሪው ሥር ሰክቶ ኮዱን አነበበልኝ፣ ፒ 0420። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ጭሱን እንደሚገባው አያጣራም ማለት ነው አለኝ። ከፊቱም ከኋላውም ኦክስጅን ሴንሰር አለው፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያስተያየ ይከታተላል፣ የኋላው እንደፊተኛው መዋዠቅ ከጀመረ ዕቃው ደክሟል ይልና መብራቱን ያበራል። ውስጡ ያለው ፕላቲነም፣ ፓላዲየም፣ ሮዲየም የሚባል ብረት ነው፣ ዋጋውን ሰማይ የሚሰቅለውም እሱ ነው። ወደ 1,900 ዶላር ገመተልኝ። ካልተሠራ ደግሞ መብራቱ በርቶ የሜሪላንድን ኤሚሽን ቴስት፣ የጭስ ምርመራውን፣ አታልፍም።

እሱንስ ባልከፋ፣ ያገለገለ መኪና ነው፣ ይበላሻል። የከፋኝ ቀጥሎ ያሳየኝ ነገር ነው። "ነይ እስቲ ይሄንን እዪ ልጄ" አለና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ኮድ ከተሰረዘ በኋላ የተነዳ ርቀት የሚል መስመር አለ፣ 215 ማይል ይላል። "የግዢ ወረቀትሽ አለ?" አለኝ። ከመኪናዋ ኪስ ውስጥ አወጣሁለት፣ መነጽሩን አድርጎ የሸጡልኝ ቀን የተጻፈውን ማይል ፈለገ፣ 81,412። ዳሽቦርዱ 81,624። ጣቱን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "212 ነው የነዳሽው። እነሱ ጋ እያለች ነው የተሰረዘው፣ አንቺ ከመውሰድሽ ሦስት ማይል ቀደም ብሎ" አለኝ።

ሦስት ማይል። ከጋራዣቸው አውጥተው አንዴ በሰፈሩ ዞር ዞር አድርገው የሚመልሷት ማለት ነው። ኮድ ሲሰረዝ ደግሞ ኮምፒውተሩ ምርመራውን ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ጥፋቱን በተለያየ ጉዞ ደግሞ ካላየው መብራቱን አያበራም፣ ስለዚ እኔ ገዢዋ በአስር ደቂቃ ቴስት ድራይቭ የማየው ንጹህ ዳሽቦርድ ብቻ ነው። እንደውም በፌደራል ሕግ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አምራቹ ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል ዋስትና ይሰጠዋል፣ ቀድሞ የሞላው ነው የሚቆጠረው። የኔዋ በ1,400 ማይል አለፈችው። ይሄን ስሰማ ዝም ብዬ መሬት መሬት ማየት ብቻ ሆነ።

ዲለሩ ጋ ስደውል ማኔጀር የተባለው ሰውዬ "ባትሪ ስለቀየርን ነው የተሰረዘው" አለኝ። ባትሪ ሲነቀል ኮድ እንደሚጠፋ እውነት ነው፣ ጋሽ መ.ም ነግሮኛል። ስልኩን ዘግቼ ዝናብ እየመታኝ ኮፈኑን ከፈትኩት። ባትሪው አናት ላይ ወርና ዓመት ያለበት ተለጣፊ አለ፣ ጫፉ ተልጧል ግን ይነበባል፣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ፎቶ አነሳሁት።

ሕጉም እኮ ከኔ ጋር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር "እንዳለች ነው የሸጥኩልሽ" ብሎ ማምለጥ የሚችለው ሞዴሏ ከ6 ዓመት በላይ ሲሆን እና ከ60,000 ማይል በላይ ስትሄድ ነው፣ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። የኔዋ ማይሉን ብታልፍም ዓመቱ አልሞላትም። ወንዙን ተሻግሬ ቨርጂኒያ ገዝቻት ቢሆን መስኮቷ ላይ ወረቀት ለጥፈው በቃ ሊሉኝ ይችሉ ነበር። እዚህ ባልቲሞር ያለው የአቶርኒ ጄኔራሉ፣ የግዛቷ ዋና ዐቃቤ ሕግ፣ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ ተቀብሎ በነጻ ያሸማግላል፣ እምቢ ካሉም እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ስሞል ክሌም የሚባል የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። አቤቱታውን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ የስካነሩ ፎቶ አለ፣ የባትሪው አለ፣ ወረቀቱ አለ። የቀረኝ የሸጠልኝን ልጅ ስም መጻፍ ብቻ ነው፣ እሱ ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል።

ልጁ አበሻ ነው። ስሜን ሲሰማ ከሌላ ዴስክ ተነስቶ ነው የመጣው፣ "እህቴ፣ የኛ ሰው ነሽ አይደል" ብሎ። የት ሰፈር እንዳደኩ ጠየቀኝ፣ እሱ ኮልፌ ነው ያደገው፣ እናቴን በጤና አለች ወይ አለኝ፣ ትንሿ ስትነጫነጭ ጁስ አመጣላት። እንደዛ ዓይነት ቢሮ ስገባ ቀኑን ሙሉ የምናገረውን እየመዘንኩ ስለምውል፣ በአማርኛ "አይዞሽ እኔ አለሁ" የሚል ሰው ሳገኝ ሰውነቴ ሁሉ ነው ቅልል ያለኝ። ወረቀቱን እየገለጠ "እዚህ ጋ ፈርሚ እህቴ፣ እዚህ ጋም" አለኝ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ደግሞ "በሰላም ንጂያት፣ ደግ ደጉን ያሰማሽ" ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱ ነው አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ይሄን ሳስብ አባዬ ትዝ አለኝ፣ ቮልሱን የሸጠ ቀን። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ መሰለኝ። ገዢው ያገሩ ልጅ ነው፣ በሰው በሰው ተጠያይቆ የመጣ፣ ገና ከበሩ ሲገባ ወደዳት፣ ቀለሟም አዲስ ነበረች። አባዬ ግን ሰውየውን እጁን ይዞ መኪናዋን አዞረው። የቀኙን ፓራፋንጎ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና "ሰማህ? ይሄ ላሜራ ነው" አለው፣ ከዛ የግራውን መታ፣ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ፣ "ይሄ ስቱኮ ነው፣ አጋጭቻት ነበር።" ቀጠለ፣ ሁለተኛ ማርሽ ትተፋለች፣ ዘይት ትበላለች፣ ጠዋት ጠዋት ካልገፏት አትነሳም። እማዬ ከጓዳ ትሰማለች። ሰውየው ያው ሰው ነውና ከዋጋው ቀነሰ፣ እነሱም በቀነሰው ተስማሙ።

ማታ ቤቱ ውስጥ ንግግር አልነበረም። ብሩ ለጣራው ቆርቆሮ የታሰበ ነበር። በኋላ እማዬ "ምን አስለፈለፈህ?" ስትለው "ያገሬ ልጅ ነው እኮ፣ ባዳ ቢሆን ምናልባት ዝም እል ነበር" አላት። እሷም "እና የኛ ልጆች ዘመድ ስለመጣ ዝናብ ይውረድባቸው?" አለችው። መልስ ሲሰጣት አልሰማሁም።

ያኔ ሙሉ በሙሉ ለአባዬ ነበር ያደላሁት። አሁን ግን ኪራይና ዴይኬር እየከፈልኩ ሳስበው እማዬንም እረዳታለሁ፣ ጣራው እኮ ያፈስ ነበር፣ ባልዲ እየቀያየረች ሌሊቱን የምታነጋው እሷ ነበረች። አባዬስ ያን "ባዳ ቢሆን" ያለውን ከልቡ ነበር ወይስ እሷን ለማብረድ? ለእንግዳ ሰው ስቱኮውን ይደብቀው ነበር? አባዬን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፣ ይሄን ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም፣ አሁን ደግሞ የለም።

ያ ልጅም በኮሚሽን ነው የሚኖረው፣ እሱም የሚያፈስ ጣራ ይኖረው ይሆናል። ኮዱን ያጠፋው ከጓሮ ያለ መካኒክ ሆኖ እሱ ምንም ሳያውቅ መርቆኝ ቢሆንስ? አባዬ ቢሆን ስም ከመጻፉ በፊት በእግሩ ሄዶ ፊት ለፊት "ታውቅ ነበር?" ይለው ነበር። እኔም ነገ ከፈረቃ ስወጣ ልሄድ አስቤያለሁ። አላውቅም ነበር ቢለኝ አምነዋለሁ ወይ? አውቅ ነበር እህቴ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው ቢለኝስ፣ ያኔ ስሙን እጽፈዋለሁ ወይስ እተወዋለሁ?