ለተበዳዩ ማን ይነግረዋል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎችን፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎችን መብት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የተከሰሰ ሰው ክሱ ይነገረዋል፣ ጠበቃ ማቆም ካልቻለና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። ወንጀሉ የተፈጸመበት ሰው ግን በስሙ የተጻፈ አንቀጽ የለውም፤ መብቱን የሚያገኘው ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ከሚለው ከአንቀጽ 37 ሥር ተጠልሎ ነው። ይህን ስል የተከሳሽ መብት በዛ ማለቴ አይደለም፤ በዚህች አገር ሰው ያለ ክስ ለዓመታት ይታሰር የነበረበትን ዘመን የሚያውቅ ሁሉ ከእነዚያ አንቀጾች አንዲት ፊደል እንድትቀነስ አይመኝም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለተበዳዩ በልዩ ልዩ ሕጎች ውስጥ ተበታትነው የተሰጡት መብቶች ጊዜያቸው ሳያልፍ የሚነግረው ማን ነው?

ነጻ የሕግ ድጋፍ በምሰጥበት ማዕከል አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ መጥቶ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው በጠብ መካከል በፌሮ ብረት መትቶት የቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ያመጣቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፋቸው የሆስፒታል ካርድ፣ የራጅ ፊልም፣ ቀለማቸው የለቀቀ የመድኃኒት ደረሰኞችና የምስክርነት መጥሪያ አየሁ፤ የፍርዱ ግልባጭ ግን አልነበረም። መቺው ጥፋተኛ ተብሎ የእስራት ቅጣት ተወስኖበታል። ወጣቱም የዓቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ቀርቦ ቃሉን ሰጥቶ፣ «ጨርሰሃል፣ መሄድ ትችላለህ» ተብሎ ከችሎት ወጥቷል። «ጋሼ፣ እሱስ ታሰረ፤ ለሕክምና የተበደርኩትን ማን ይከፍልልኛል?» ሲለኝ የሰጠሁት መልስ ለራሴም አልጣመኝም፤ ሕጉ መልስ ስለሌለው አይደለም፤ መልሱን ለመጠየቅ የተሻለው ጊዜ ስላለፈ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ከ60 ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 በወንጀል የተጎዳ ሰው ወይም ወኪሉ የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር የካሣ ጥያቄውን ለዚያው ችሎት በማመልከቻ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 101 ይህንኑ ያጸናል፤ ተጎጂው ወይም ከእርሱ መብት ያላቸው ሰዎች የፍትሐ ብሔር ጥያቄያቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው ማቅረብ ይችላሉ። የዚህን ጥቅም የሚረዳው አንድን ምስክር ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ለማምጣት የሞከረ ሰው ነው። ወንጀሉን የሚያስረዳው የሕክምና ማስረጃና የሰው ምስክር ጉዳቱንም ስለሚያስረዳ፣ ተበዳዩ ሌላ መዝገብ ከፍቶ፣ ሌላ ቀጠሮ ጠብቆ፣ ሥራ የቀየሩትንና ሰፈር የለቀቁትን ምስክሮች እንደገና ከማፈላለግ ይድናል።

እርግጥ መንገዱ ለሁሉም ክፍት አይደለም። ተከሳሹ ወጣት አጥፊ ከሆነ፣ በሌለበት የሚታይ ጉዳይ ከሆነ፣ ተበዳዩ አስቀድሞ በፍትሐ ብሔር ክስ መሥርቶ ከሆነ፣ ወይም የካሣው ጥያቄ ረጅምና የተወሳሰበ ማጣራት የሚፈልግ ከሆነ ችሎቱ ማመልከቻውን አይቀበልም። ተከሳሹ በነጻ ከተለቀቀም የወንጀል ችሎቱ ስለ ካሣ አይወስንም፤ ለተበዳዩ ግን በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችል ሊነግረው ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2149 የካሣን ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት የተሰጠ የነጻ መለቀቅ ውሳኔ እንደማያስገድደው ይናገራል። በወንጀል የሚጠየቀው የማስረዳት ደረጃ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለቅጣት ያልበቃው ማስረጃ ለካሣ ሊበቃ ይችላል። «ነጻ ወጥቷል፤ በቃ አለቀ» እየተባለ ስንቱ ተበዳይ ወረቀቱን ጠቅልሎ ቤቱ እንደገባ እግዜር ይወቀው።

የተፈረደው ካሣስ ከየት ይመጣል? ድሃ መትቶ ድሃ ሲሰበር ጥያቄው ተገቢ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 ወንጀለኛው ወይም ስለ እርሱ ኃላፊ የሚሆኑ ሰዎች ካሣውን እንደማይከፍሉ ሲታወቅ፣ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰ ንብረት ሽያጭ፣ ከዋስትና ገንዘብ ወይም ከመቀጮው ላይ ለተጎጂው እንዲከፈል ሊያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ዘመዶቻችን በብዛት በሚኖሩባት አሜሪካ ተመሳሳይ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣ ሕግ ራሱን የቻለ ፈንድ ሆኗል፤ በፌዴራል ወንጀል ከተቀጡ ሰዎች የሚሰበሰበው መቀጮ ወደ ፈንዱ ይገባና የክፍለ ግዛቶቹ የካሣ ፕሮግራሞች የተጎጂዎችን የሕክምናና የመሳሰለውን ወጪ ሲሸፍኑ ያግዛቸዋል። በእኛ ዘንድ አንቀጹ አለ፤ የሚጠቅሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጥቂት የሆነበት ምክንያት የማንም ክፋት አይመስለኝም። መርማሪ ፖሊሱ የሚፈልገው መዝገቡን የሚሞላ ቃልና ማስረጃ ነው። ዓቃቤ ሕጉ የቆመው ለመንግሥትና ለሕዝብ ነው፤ የሚያስበው ቅጣቱን ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለው መዝገብም የተበዳዩን የመድኃኒት ደረሰኝ ለማገላበጥ ፋታ አይሰጠውም። ዳኛው ደግሞ ያልቀረበለትን ጥያቄ አያነሣም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ሲወጣ፣ ለተበዳዩ መንገር የማንም ድርሻ ሳይሆን ይቀራል።

ይህን ክፍተት ይሞላል የተባለው የሕግ ንቃት ትምህርት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የሻይ ሰዓት ይኖራል፣ ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ተነሥቶ እስከ ሕገ መንግሥቱ የሚወርድ ገለጻ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ተሳታፊውም አበሉን ተቀብሎ ይበተናል። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ከወራት በኋላ በደል ቢደርስበት ከዚያ ገለጻ የሚያስታውሰው ምን ይሆን? የሕግ እውቀት በሚፈለግበት ሰዓትና በሚፈለግበት ቦታ ካልተገኘ አይሠራም፤ የተበዳይ ሰዓትና ቦታ ደግሞ የፖሊስ ጣቢያው የአቤቱታ መቀበያ ክፍል፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍልና የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መስኮት ነው። እኔ ብጠየቅ ለአንድ ዓመት የአዳራሽ ስብሰባ የሚወጣውን ገንዘብ፣ በየጣቢያው መግቢያ ለሚሰጥ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ለተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ማንበብ ለማይችለውም አንብቦ ለሚያስረዳ አንድ ሰው አውለው ነበር።

ያ ወረቀት በመጀመሪያ ስለ ጊዜ መናገር አለበት። እንደ ስድብና ያለ መሣሪያ የደረሰ ቀላል የአካል ጉዳት ያሉት ወንጀሎች የሚያስቀጡት ተበዳዩ ራሱ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው፤ አቤቱታው መቅረብ ያለበትም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። በሰፈር ሽማግሌ «እስኪ ለጊዜው ያዘው» ተብሎ በዝምታ የሚያልፈው ሦስት ወር መብቱን ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ባለው ወንጀል ዓቃቤ ሕጉ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ክስ አልመሠርትም ቢል እንኳ ተበዳዩ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀብሎ በራሱ የግል ክስ ማቅረብ እንደሚችል በጣቢያ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። የፍትሐ ብሔሩ የካሣ ክስም ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ የይርጋ ጊዜ ካስቀመጠ ግን የሚሠራው ረጅሙ ነው። የፌስታሉን ወጣት ያዳነው ይህ ነበር፤ መዝገብ ከፍተናል፣ የዳኝነት ክፍያውንም በድህነት እንዲታለፍለት ከወረዳው ማስረጃ አምጥቷል።

በጾታዊ ጥቃት ላይ ደግሞ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የአካል ማስረጃውም በየሰዓቱ ይጠፋል። ስለዚህ ለተጠቂዋም ሆነ ለእናቷ የምለው ከመታጠብ በፊት፣ ልብሱም ሳይታጠብ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ማዕከል ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ ፖሊሱንና ዓቃቤ ሕጉን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ ነው፤ ልጅቷ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው ደጋግማ እንድትናገር አትገደድም። በልደታው ፍርድ ቤትም ሕፃናት ተጠቂዎች ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ ከሌላ ክፍል በካሜራ አማካይነት ቃላቸውን የሚሰጡበት ችሎት አለ። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ልጁን ለምስክርነት ለማቅረብ የሚያመነታበት ምክንያት ይቀንሳል።

ስለ ሽምግልናም ሳልናገር አላልፍም። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ የድንበርና የባልና ሚስት ጠብ ስንቱን ቤት ሳያፈርስ እንዲበርድ ያደረገ ባህል ነው። ይሁን እንጂ አስገድዶ መድፈርና ጠለፋ በግል አቤቱታ ላይ የተንጠለጠሉ ወንጀሎች ስላልሆኑ ቤተሰብ «ታርቀናል» ማለቱ ክሱን በሕግ አያቋርጠውም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባ እንደሆነ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ተጠያቂነትን እንደማያስቀር በግልጽ ጽፏል። ሽማግሌዎቹ ይህን አያውቁም ማለት ይከብደኛል፤ የልጅቷ እናት ግን ብዙ ጊዜ አታውቅም። መብት የሚያስተምር ሰው ሕጉ የጎደለበትንም መደበቅ የለበትም፤ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ስለወሰነው፣ በባሏ የተደፈረች ሴት ስትመጣ በዚያ አንቀጽ ክስ ይመሠረትልሻል ብዬ አላታልላትም፤ ድብደባና የአካል ጉዳት ካለ ግን በዚያ በኩል በር እንዳለ አሳያታለሁ።

ተከሳሹ በዋስ መውጣቱን ተበዳዩ የሚሰማው ከጎረቤት ነው፣ ወይም በመንገድ ላይ ሲያገኘው። ዋስትና የሚነፈግባቸው ምክንያቶች ውስጥ ምስክር ማባበልና ማስረጃ ማጥፋት ይገኙበታል፤ ስለዚህ የደረሰ ማስፈራሪያ ካለ የስልክ መልእክቱን ሳያጠፉ ለዓቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በከባድ ወንጀሎች ላይ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለ።

አንድ የሚያናድደኝን ቁጥር ላንሣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያ ዘመን ያ ገንዘብ ክብደት ነበረው። ዛሬ የተደፈረች ልጅ ወይም ልጁ የተገደለበት አባት ፊት ተቀምጬ ይህን ቁጥር ስናገር ድምፄ ዝቅ ይላል። የሕግ ድጋፍ ሥራ ሰውን ባለው ሕግ ከመርዳት አልፎ ሕጉ እንዲለወጥ መወትወትንም የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1990ዎቹ ያሳየን ይህንኑ ነበር፤ ለተጠቂዎች ጥብቅና እየቆመ ለቤተሰብና ለወንጀል ሕጎቹ መሻሻል ሲሟገት ቆይቶ፣ የመብት ሥራ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የገደበው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሲመጣ ሥራው ተዳከመ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡ ከተነሣ ወዲህ በሩ እንደገና ተከፍቷል።

ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሕግ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠይቃል። በአብዛኛው ይህ ሰዓት ለተከሳሾች ጥብቅና ይውላል፤ መልካም ነው። በአንቀጽ 154 መሠረት የሚቀርብ የካሣ ማመልከቻ ግን ደረሰኞቹ ከተሟሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጽፎ ያልቃል፤ የወንጀል ክሱ የሚሰማበትን ቀን ከሬጅስትራር ጠይቆ ያንኑ ዕለት ጠዋት ለችሎቱ ማስገባት ብቻ ይቀራል።