ሰርተፋይድ ፔይሮል እየተማርኩ ነው፦ እስካሁን የገባኝ

ትምህርት ቤቶች ላይ የሚሠራ አንድ የኤሌክትሪክ ሰብ ኮንትራክተር ቢሮ ውስጥ ፔይሮል ከያዝኩ ወዲህ፣ ጊዜዬን ሁሉ የወሰደው ዴቪስ ቤከን የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው። ሰርተፋይድ ፔይሮል ማለት ደመወዝ በዚህ ሕግ መሠረት መከፈሉን በፊርማ የሚያረጋግጥ የየሳምንቱ የደመወዝ ዝርዝር ነው። እዚህ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በሒሳብ ሥራም ሆነ ሳይት ላይ ብዙ ወገኖች አላችሁ። ይጠቅማችኋል ብዬ የደረስኩበትን ላካፍል።

ሕጉ የወጣው በፈረንጆቹ 1931 ነው፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን። መንግሥት ሕንፃ ሲያሠራ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። አንዳንዱ ኮንትራክተር ደግሞ ዋጋውን የሚያወርደው ከሩቅ ርካሽ ጉልበት እያመጣ ነበር። ሴናተር ጄምስ ዴቪስና የምክር ቤት አባሉ ሮበርት ቤከን ያቀረቡት ሕግ ይህንን በር ዘጋ። ለእያንዳንዱ ሙያ በአካባቢው የሚከፈለውን ደመወዝ የሥራ ሚኒስቴር ይተምናል፤ ከዚያ በታች መክፈል ክልክል ነው። የኮንትራቱ መነሻ 2,000 ዶላር ነው። ከ1935 ማሻሻያ ወዲህ አልተነካም፤ ስለዚህ ትንሽ የምትመስል ጥገና እንኳ ልትገባበት ትችላለች።

ትምህርት ቤት የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ አይደለም። ሕጉን የሚያመጣው ገንዘቡ ነው። በ2021 ከኮቪድ ጋር በተያያዘ ለትምህርት ቤቶች ወደ 122 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር። ብዙ የትምህርት ወረዳዎች ከዚያ ላይ ማሞቂያና አየር ማናፈሻ አድሰዋል። እንዲህ ያለው ገንዘብ ለግንባታ ሲውል ዴቪስ ቤከን አብሮት ይመጣል። ወረዳው በራሱ ቋሚ ሠራተኞች ካሠራው ግን ሕጉ አይነካውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለሠራተኛው የሚከፈለው እጁ በሠራው ሥራ ነው እንጂ ሲቀጠር በተሰጠው ስም አይደለም። ይህንን ሳይት ላይ ነው በደንብ ያየሁት። አንድ ጋሼ የምንላቸው የአገራችን ሰው አሉ፤ የተቀጠሩት ሌበረር (የጉልበት ሠራተኛ) ተብለው ነው። ታይም ሺታቸው «ሌበረር፣ 8 ሰዓት» ይላል።

«ጋሼ፣ ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?» አልኳቸው።

«ጠዋት ዕቃ አወረድን፣ ቆሻሻ አነሳን። ከዚያ በኋላማ ኮርኒሱ ውስጥ ሽቦ ስንስብ ነው የዋልነው።»

ሽቦ መሳብ በዚያ አካባቢ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። ለማስላት እንዲመች የኤሌክትሪሺያኑ ተመን ከነጥቅማጥቅሙ በሰዓት 55 ዶላር፣ የሌበረሩ 30 ነው እንበል። ሙሉ ቀኑ በሌበረር ከታሰበ 240 ዶላር ነው። 3 ሰዓት ዕቃ፣ 5 ሰዓት ሽቦ ተብሎ ከተከፈለ ግን 365 ይሆናል። በአንድ ቀን 125 ዶላር! የቤተሰብ አስቤዛ ነው። ሰዓቱን የሚለይ መዝገብ ከሌለ ደግሞ 8ቱም ሰዓት በትልቁ ተመን ይከፈላል። ፎርማኑ ታይም ሺቱን አስተካክሎ ፈረመ፤ ልዩነቱ በዚያው ሳምንት ቼክ ውስጥ ገባ። ለዚህ ነው ታይም ሺት በየቀኑ፣ በየሥራው ዓይነት ይሞላ እያልኩ የምጨቀጭቀው። ዓርብ ላይ በትዝታ የሚሞላ ወረቀት የሰው ገንዘብ ይበላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ፍሪንጅ ነው። ተመኑ ሁለት ቁጥር አለው፤ መነሻ ደመወዝና ፍሪንጅ። ፍሪንጅ ማለት ለጤና ኢንሹራንስ፣ ለጡረታ፣ ለዕረፍት ቀን የሚውለው ነው፤ ወደ ሕጉ የገባው በ1964 ነው። 40 መነሻ፣ 15 ፍሪንጅ ከሆነ ሠራተኛው በጠቅላላ 55 ማግኘት አለበት። አሠሪው 42 ደመወዝና በሰዓት 3 ዶላር የሚደርስ ኢንሹራንስ ከከፈለ 45 ነው። የጎደለው 10 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ቼኩ ላይ ይጨመራል።

ያቺ 3 ዶላር ከየት መጣች? ኢንሹራንሱ በወር 520 ዶላር ነው እንበል። በዓመት 6,240 ይሆናል። ለ2,080 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 3 ዶላር ይመጣል። አንዳንድ ቢሮ ግን 520ውን ሠራተኛው በዚያ ወር ትምህርት ቤቱ ላይ ለሠራው ሰዓት ብቻ ያካፍላል። 104 ሰዓት ከሆነ 5 ዶላር ይወጣል። ኢንሹራንሱ ግን ሰውዬው የግል ሕንፃ ላይ ሲሠራም ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ወጪው ለሁሉም ሰዓት መከፋፈል አለበት። ያቺ 5 ዶላር በወረቀት ላይ ንጹሕ ትመስላለች፤ ከሠራተኛው ኪስ ግን በየሰዓቱ 2 ዶላር ትወስዳለች። ኦዲተርም መጀመሪያ ከሚያያቸው አንዷ ናት።

ኦቨርታይም ይቀላል። አንድ ተኩል የሚባለው በመነሻው ላይ ነው፤ ፍሪንጁ እንዳለ ይደመራል። 40 እና 15 የሆነ ሰው ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው 60 ሲደመር 15፣ 75 ዶላር ያገኛል።

ክፍያው በየሳምንቱ ነው። ከዚያ ሰርተፋይድ ፔይሮሉ ይላካል፤ አብዛኛው ሰው ደብሊው ኤች 347 የሚባለውን ፎርም ይጠቀማል። ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ የየቀኑ ሰዓት፣ ተመን፣ ተቀናሽ ይሞላበታል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሙሉውን አትጻፉ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይበቃሉ። የቤት አድራሻም አይገባም። አብሮት የሚሄደው መግለጫ ላይ መፈረም ቀላል ነገር አይደለም፤ እያወቁ ሐሰት መፈረም በወንጀል ያስጠይቃል። ዋናው ኮንትራክተርም ሰብ ኮንትራክተሩ ላጎደለው ተጠያቂ ነው፤ ጥብቅ ቢሆን አትቀየሙት።

ሳይት ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። የተመኑ ዝርዝር ሠራተኛ ሁሉ በቀላሉ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። የሙያችሁን መስመር በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ከቼካችሁ ጋር አስተያዩት። ከጎደለ መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቁ። ካልተስተካከለ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና ሰዓት ክፍል አለ። አቤቱታ አቀረብክ ብሎ ሠራተኛን መበቀል ክልክል ነው።

አሁን ያለሁት ተለማማጆች ላይ ነው። በታወቀ ፕሮግራም ተመዝግቦ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ያለ ተለማማጅ ብቻ ነው ዝቅ ያለ ደመወዝ የሚከፈለው። ያልተመዘገበ «ረዳት» ለሠራው ሥራ ሙሉውን ተመን ያገኛል። የተለማማጆቹ ቁጥር ከባለሙያዎቹ ቁጥር ጋር ያለውን ምጣኔ በየቀኑ እንዴት እንደምትከታተሉ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ለጊዜው ከታይም ሺቱ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሬ እየቆጠርኩ ነው።