ከኋላ መቀመጥም ይለመዳል፦ በስካይላይን ድራይቭ የዋልንበት ቅዳሜ

ሞተር የምትለማመዱ ጓደኞቼ ስትጠያየቁ የምሰማው ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ማርሽና ስለ ኩርባ ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እንደ ሻንጣ ተጭኖ የሚሄድ ተደርጎ ስለሚታሰብ ስለሱ የሚጠይቅ የለም። እኔ የባለቤቴ የኋላ ሰው ነኝ። ከኋላ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ የገባኝ እየዋለ እያደረ ነው፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ ሼናንዶዋ ተራሮች ስንወጣ ደግሞ ከአምናው ምን ያህል እንደተሻሻልኩ በደንብ ታየኝ።

ለማታውቁን ባጭሩ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የጀማሪዎችን የሁለት ቀን ኮርስ አብረን ወስደናል። እሱ መንጃ ፈቃዱ ላይ ሞተር አስጨመረ፤ እኔ የራሴን ሞተር ለመያዝ ገና አልቆረጠልኝም። ኮርሱ ግን ለኋላ ሰውም ይጠቅማል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት እንደሚሄድ፣ በዝግታ መዞር በፍጥነት ከመዞር ይልቅ እንደሚከብድ በገዛ እጄ ስላየሁት፣ አሁን ከኋላ ሆኜ የሚሆነው ሁሉ ይገባኛል። በነገራችን ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ በለማጅ ፈቃድ ሰው መጫን ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ከሕጉ በላይ ጠይቄ፣ ሙሉ ፈቃዱን ካገኘ በኋላም አንድ ክረምትና አንድ በጋ ብቻውን ካልነዳ አልሳፈርም ብያለሁ። ጠብቋል።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል "ልጄ፣ መኪናው ቆሞ በዚያ ነገር ነው የምትሄዱት?" ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም። ጃኬቱንና ሄልሜቱን በካሜራ አሳያታለሁ፣ ታማትባለች፣ ወሬ እንቀይራለን።

ስካይላይን ድራይቭን የመረጥነው ለውበቱ ብቻ አይደለም። በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው ይህ መንገድ ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ያህል በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ ጫፉን ይሄዳል፤ የፍጥነት ወሰኑ ደግሞ በሰዓት 35 ማይል ነው። የትራፊክ መብራት የለ፣ ግዙፍ የጭነት መኪና የለ፤ ኩርባው ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀበላል። ሁለት ሆኖ ኩርባ ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአካባቢያችን አላየሁም። መግቢያው ለሞተር 25 ዶላር ነው፤ ለ7 ቀን ያገለግላል። መንገዱ ዳር የማይል ቁጥር የተጻፈባቸው ምልክቶች ስላሉ ቦታው ሁሉ የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ዋሻው 32፣ ትልቁ ሜዳ (ቢግ ሜዶውስ) 51 እያላችሁ ትሄዳላችሁ።

ዝግጅቱን የጨረስነው አርብ ማታ ነው። ሞተራችን ካዋሳኪ ቨርሲስ 650 ነው። ሁለት ሰው ሲጫንበት ሦስት ነገር እናያለን። መጀመሪያ የጎማ ንፋስ፤ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ልክ እንሞላለን፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ። ቀጥሎ የኋላው ሞላ፤ በጎን በኩል በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ስላለው ያለ መፍቻ ይጠብቃል። ሞላው ካልጠበቀ የሞተሩ ጅራት ይወርድና የፊት መብራቱ ሽቅብ ያያል፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል፣ ኩርባ ላይም መሪው ይሰንፋል። ሦስተኛው ክብደት ነው። ሞተሩ የሚችለው ጭነት መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ እዚያ ውስጥ እሱም እኔም፣ ልብሳችንም፣ የኋላው ሳጥንና በውስጡ ያለው ምሳ ሁሉ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይህን አይደምርም።

ሞተሩ ላይ አወጣጤን ላሳያችሁ፤ አምና ያስቸገረኝ ይህ ነበርና። እሱ ሁለቱንም እግሩን መሬት ተክሎ፣ የፊት ፍሬኑን ይዞ፣ አንዴ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ሳይነቀንቅ አልነካም። ከዚያ በግራ በኩል ቆሜ ግራ እጄን ትከሻው ላይ፣ ግራ እግሬን መርገጫው ላይ አደርግና፣ ክብደቴን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ እሱ አስጠግቼ ቀኝ እግሬን በመቀመጫው ላይ አሻግራለሁ። ሳጥኑ ከኋላ ስላለ እግር ከፍ ብሎ መሻገር አለበት። ሁለቱም እግሬ መርገጫውን ሲያገኝ "እሺ" እላለሁ። ከዚያ በኋላ ቀይ መብራት ላይም ብንቆም እግሬ ከመርገጫው አይወርድም፤ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ መያዝ የእሱ ሥራ ነው፣ እኔ መሬት ልርገጥ ብል ሚዛኑን ነው የማሳጣው።

ከአሌክሳንድሪያ እስከ ፍሮንት ሮያል ያለው የ66 አውራ ጎዳና ብዙም የሚወራለት አይደለም። የሚጠቅማችሁ ነገር ቢኖር ሞተር በኤክስፕረስ ሌኑ (መኪና በሚከፍልበት ፈጣን መስመር) ያለ ክፍያ መሄድ መቻሉ ነው። ትልልቅ መኪና ስናልፍ ንፋሱ በጎን ይመታል፤ አምና በዚያን ጊዜ ሰውነቴ ይገተር ነበር፣ አሁን ትከሻዬን ለቀቅ አድርጌ በጭኔ ብቻ እይዛለሁ። እሱ ፍሬን ሲይዝ ሄልሜቴ ከሄልሜቱ ጋር "ቋ" እያለ መጋጨቱም በዚሁ ነው የቀረው። መያዣው ክንድ ሳይሆን ጭን ነው፤ ጉልበት የአሽከርካሪውን ዳሌ ጠበቅ ሲያደርግ የላይኛው አካል ነፃ ይሆናል። ነዳጅ ፍሮንት ሮያል ላይ ሞልተን ገባን፤ ፓርኩ ውስጥ በየቦታው ማደያ አታገኙም።

ከበሩ ካለፍን በኋላ መንገዱ ወዲያው ዳገት ነው። አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፦ ኩርባ ላይ የኋላ ሰው ምን ያድርግ? መልሱ ምንም አለማድረግ ነው፤ ግን ምንም አለማድረግ ልምምድ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲያጋድል ሰውነት በራሱ ጊዜ ወደ ተቃራኒው መቃናት ይፈልጋል፤ ያን ካደረጋችሁ ሞተሩ ከመስመሩ ይወጣል፣ አሽከርካሪውም ለምን እንዳልታዘዘለት አይገባውም። እኔን የረዳኝ ዓይን ነው። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲዞር በቀኝ ትከሻው ላይ አሻግሬ የኩርባውን መውጫ አያለሁ፤ ወደ ግራ ሲዞር በግራው። ጭንቅላቴ ወደዚያ ሲዞር የቀረው አካሌ ሳልጠይቀው ይከተላል፤ ከሞተሩ አብልጦም አሳንሶም አያጋድልም። ገደሉን ካያችሁ ግን አለቀ፤ ወገባችሁ ድንጋይ ይሆናል። እሱ በሄልሜቱ መነጋገሪያ "አለሽ እንዴ? ብቻዬን የምነዳ መሰለኝ እኮ" ሲለኝ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልጠብቅም ነበር።

መነጋገሪያ የሌላችሁ አትቸገሩ፤ ባትሪ ሲያልቅ እኛም በእጅ እንግባባለን። አንድ ጊዜ ትከሻ መታ ማድረግ "ቆም በል"፣ ጭኑን ሁለቴ መታ ማድረግ "ቀስ በል" ነው። ምልክቱን ቤት ሆናችሁ ተስማሙ እንጂ መንገድ ላይ አትፍጠሩት።

ማይል 32 ላይ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፤ በፈረንጆች 1932 ዓለቱን ፈልፍለው ያወጡት ነው። ከጠራራ ፀሐይ ድንገት ጨለማ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከመድረሳችን በፊት "መነጽር" ይለኛል፤ ሁለታችንም የሄልሜቱን ጥቁር መስታወት ወደ ላይ እንገፋለን። ከጣራው ውኃ ይንጠባጠባል፤ አስፋልቱ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል እዚያ ውስጥ ቀጥ ብለን፣ ነዳጅ ሳንጨምር ሳንቀንስ ነው የምናልፈው። አንዳንድ ባለሞተሮች ጡሩምባ እየነፉና ነዳጅ እየሰጡ ዋሻውን ሲያናውጡት መስማት የቀኑ አስቀያሚ ነገር ነበር፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ባለቤቴ ሳቀ።

ስካይላንድ ጋ መንገዱ ከፍተኛ ቦታውን ይነካል፤ 3,680 ጫማ፣ ማለትም 1,120 ሜትር ግድም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይህን "ተራራ" ሲሉት ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የተወለድኩበት ሰፈር ከዚህ እጥፍ በላይ ከፍ ይላል። ብርዱ ግን እውነተኛ ነው። ታች ሸለቆው ውስጥ እጅጌ አጭር የለበሰ ሰው ሲሄድ፣ እላይ ከታቹ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ቀዝቅዞ ነበር፤ በዚያ ላይ የሞተር ንፋስ አለ። ከኋላ ያለው ሰው እጁን የሚያሟሙቅበት ሥራ ስለሌለው ቶሎ ይበርደዋል። ስለዚህ ከጃኬቴ ሥር ስስ ሹራብ፣ በኪሴ ደግሞ ወፍራም ጓንት እይዛለሁ። ከስካይላንድ ወደ ስቶኒ ማን ጫፍ የሚወስደው የእግር መንገድ ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ብቻ ስለሆነ በሞተር ጫማም ይሄዱታል። ላዩ ላይ ዓለቱ እንደ ሰገነት ወጣ ብሏል፤ ከሥር ሸለቆው፣ የሉሬይ ከተማ፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ የተራራ ሰንሰለት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ አበባ ሞልቶ ነበር፤ በመስከረም የሚያብብ የእነሱ አበባ ነው፣ ከአደይ ጋር ዝምድና ይኑረው አይኑረው አልመረመርኩም። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ፤ "እሰይ፣ መኪና ይዛችሁ ሄዳችሁ?" ብላ መለሰች።

ምሳችንን ትልቁ ሜዳ፣ ማይል 51 ላይ እንብላ ብሎ ነበር። እኔ ግን ትንሽ እንግፋ ብዬ እስከ ማይል 57 አስኬድኩት፤ ሉዊስ ማውንቴን እስክንደርስ። ይህ ቦታ በፈረንጆች 1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተከለለ ነበር። ፓርኩ በ1935 ሲቋቋም ቨርጂኒያ ሰውን በቀለም የምትለይ ግዛት ስለነበረች፣ ጥቁር ጎብኚ ጠረጴዛ ዘርግቶ ምሳ የሚበላበት፣ የሚያድርበት ተብሎ የተለየው ቦታ ይኸው ነበር፤ መለያየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ከዚያም በፊት ፓርኩ እንዲሠራ ተብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከእርሻቸውና ከቤታቸው ተነስተዋል፤ ዛሬ ጫካ የመሰለው ብዙው ቦታ ያኔ ጓሮ ነበር። እኛ የመጣነው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ሰው ጠረጴዛ መርጠን ቁጭ አልን። ቋንጣ ፍርፍሩን ከፈትነው፣ ከፔርሙስ ሻይ ቀዳን። አጠገባችን የነበሩ አንድ አረጋዊ ጥቁር አሜሪካዊና ባለቤታቸው ሽታው ስቧቸው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ አቀረብንላቸው። ሰውየው በጣታቸው ቀመሱና "ይህማ ያቃጥላል" ብለው ደገሙ። ምሳ ሳይከብድ ነው መበላት ያለበት፤ ጠግቦ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያንቀላፋል፣ ያ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ስንመለስ ትልቁ ሜዳ ላይ ለእሱ ጣፋጭ ለመግዛት ቆምን፤ ጣፋጭ ወዳጅ ነው። እኔ እጄንና እግሬን አፍታታሁ። በየአንድ ሰዓቱ መውረድን አንድ ደንብ አድርገነዋል፤ የሚደክመኝ ዳሌዬ ሳይሆን ታፋዬ ነው፣ ሲዝል ደግሞ ሳላውቀው ትከሻው ላይ መንጠልጠል እጀምራለሁ።

የቀኑ ከባዱ ልምምድ ቁልቁለቱ ሆነ። በቶርንተን ጋፕ ከፓርኩ ወጥተን በ211 ቁጥር መንገድ ወደ ስፔሪቪል ስንወርድ ኩርባው ከፓርኩ ይልቅ የጠበበ ነው፤ ከኋላ ደግሞ የሚቸኩል መኪና ይመጣል። እሱ ማርሽ እየቀነሰ በሞተሩ ይይዘዋል እንጂ ፍሬን ላይ ተጭኖ አይወርድም። ማርሽ በቀነሰ ቁጥር እኔ ወደ ፊት እንሸራተታለሁ። መፍትሔው ሁለቱንም እጄን በወገቡ ግራና ቀኝ አሳልፌ መዳፌን ታንከሩ ላይ መደገፍ ነው፤ ክብደቴ በክንዴ በኩል ወደ ሞተሩ ይሄዳል፣ ጀርባውንም አልጫነውም። አምና ይህን ስለማላውቅ ቁልቁለት በወረድን ቁጥር የሚያመው የእሱ የእጅ አንጓ ነበር፤ የሁለታችንን ክብደት በእጁ ይዞ ነበርና። አንድ ቦታ ላይ ከኋላችን ያለው መኪና በጣም ሲጠጋ ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ይዞ አሳለፈው። ክብርህ አልተነካም ወይ አልኩት። "ሚስቴ ከኋላዬ ናት" አለኝ።

ሲመሽ አጋዘን ስለሚበዛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተራራው መውረድን አስበንበት ነበር፤ አንድ እናትና ግልገሏን አስፋልቱ ዳር አየን። አንዷ ካለፈች ሌላ ትከተላለች ብላችሁ ጠብቁ። ከዋረንተን ወዲህ ያለው መንገድ የቅዳሜ ማታ ትራፊክ ነው፤ እሱን መጻፍ አያስፈልግም።

የሚቀረኝ ነገር በጣም ዝግ ባለ ፍጥነት ሙሉ ዞሮ መመለስ ነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ስምንት ቁጥር ስንሠራ አሁንም ትንፋሼን ይዣለሁ፤ እሱም ይሰማዋል። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እሁድ እሁድ ጠዋት እሱን እንለማመዳለን። ቁመታችሁ እንደ እኔ አጠር ያለ፣ ከፍ ያለ ሞተር ላይ የምትሳፈሩ እህቶች ካላችሁ፣ እግራችሁን በሳጥኑ ላይ እንዴት እንደምታሻግሩ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔው ዘዴ ጂንስ ስለብስ አይሠራም።