የኮሮናን ጊዜ በይፋ እንነጋገርበት

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ወባ ወይም ኮሌራ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር እሰማለሁ። «እንደ ኮሮናው ነው፣ ያካብዱታል» ይላል ሰው። ባጃጅ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ቡና ላይ ሰምቼዋለሁ። አጎበር ሊወስዱ ከተሰለፉ ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ። የሚሉት ደግሞ ግድ የሌላቸው ሰዎች አይደሉም። በ2012 ቤት ዋሉ ሲባሉ የዋሉ፣ ታጠቡ ሲባሉ የታጠቡ፣ አትጨባበጡ ሲባሉ ለወንድማቸው እንኳ እጃቸውን የነፈጉ ናቸው። ያኔ ያመኑት ሰዎች ዛሬ ማመን አቁመዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

ክርክሩ እስካሁን በሁለት ጎራ ነው የሚሄደው። አንዱ «መንግሥት አለልክ አጠበቀ፣ ድሃውን ገደለው» ይላል። ሌላው «አላላ፣ ለፖለቲካው ሲል ሕዝቡን ለበሽታ ሰጠው» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ለኔ ግን ትልቁ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድም ኃላፊ ፊታችን ቁጭ ብሎ «ይሄን ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ይሄኛው ሠርቷል፣ ይሄኛው አልሠራም» አላለንም። ሰው ደግሞ ካልተነገረው የራሱን ታሪክ ይሠራል። ሠርቷልም።

ለማስታወስ ያህል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወሩ ሳያልቅ በሽታው እኛ ዘንድም ተገኘ ተባለና የክልሉ መንግሥት ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን ዘጋ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ መጋቢት 30 ነው። አዲስ አበባ ታክሲዋ እየሄደ እኛ ቤታችን ነበርን ማለት ነው።

መዝጋቱን አልቃወምም። ዛሬም አልቃወምም። አሥራ አራት ቀን የተባለው ዝም ብሎ አይደለም፣ ቫይረሱ የያዘው ሰው ምልክት እስኪያሳይ የሚፈጀውን ጊዜ ታሳቢ አድርጎ ነው። በዚያ ሰሞን ናሙና የሚመረመርባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የጽኑ ሕሙማን አልጋም እንደዚያው። በሽታው ቅዳሜ ገበያ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማን ከማን እንደያዘ ፈልጎ ማግኘት የማይታሰብ ነገር ነበር። በሩን ዘግቶ ጊዜ መግዛት ከዚያ አንጻር ያስኬዳል።

ግን እንዴት ተነገረን? ለሆቴሎች እንጀራ የሚያቀርቡ አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ። ከተማው ይዘጋል ሲባል ቤታቸው በየበርሜሉ ቡሆ ሞልቶ ነበር። ሆቴሎቹ ደውለው «አይምጣ» አሏቸው። ምን ያድርጉ፣ ጋገሩና ለሰፈሩ አከፋፈሉት። «ልጄ፣ መዝጋቱንስ ይዝጉት» አሉኝ። «ሁለት ቀን ቀድመው ቢነግሩኝ ግን አላቦካም ነበር።» ይህችን አነጋገር የትኛውም የጤና ባለሙያ ጽሑፍ ውስጥ አላገኘኋትም። ቢሆንም የዚያን ጊዜ አስተዳደር ጉድለት እንደሷ የሚገልጽልኝ የለም። ሴትዮዋ ውሳኔውን አልተቃወሙም። የሚቃወሙት ከውሳኔው ውስጥ ተረስተው መቅረታቸውን ነው። ከዘጌ በታንኳ እንጨት ጭኖ መጥቶ ሸጦ የሚመለሰው ሰውዬም ተረስቷል። ጉልት ተቀምጣ ቲማቲም የምትቸረችረውም ተረስታለች። ባጃጁን በቀን ገቢ ተከራይቶ የሚነዳው ልጅም እንደዚያው። ለደሞዝተኛ 14 ቀን ዕረፍት ነው። ለነሱ 14 ቀን ባዶ ሞሰብ ነው። ቀበሌው እህልና ዘይት ሰብስቦ አከፋፍሏል፣ ይሄን አይቻለሁ፣ የሰጡትንም እግዜር ይስጣቸው። ማን በዝርዝሩ ገባ፣ ማን ቀረ፣ በምን መስፈርት? ይሄን ግን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ቀኑ አለቀና ተከፈተ። ውጤቱስ? በ14ቱ ቀን ስንት ሰው ተመረመረ? ስንት ንክኪ ተገኘ? መዝጋቱ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም? ለከፈለ ሕዝብ ደረሰኝ ይሰጠዋል። እኛ አልተሰጠንም።

ከዚያ የባሰው መጣ። በአዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። ማስክ ያላደረገ በፖሊስ ይያዝ ጀመር። ባጃጅ በግማሽ ሰው ጫነ፣ ታሪፉ ጨመረ። እሺ ብለን ተቀበልን። ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ታስቦ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ፣ ሰኔ 3 ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ሥልጣን አራዘመ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በሽታው የፖለቲካ ልብስ ለበሰ። ደጋፊው «ሕይወት ይቅደም» አለ፣ ተቃዋሚው «ሰበብ ነው» አለ። ይሄም ሳይበርድ ሐምሌ 26 ለሕዳሴው ግድብ ድምፅ እናሰማ ተብሎ አደባባይ ወጣን። ግድቡ የኔም ነው፣ ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ በሙሌቱ የተሰማኝን ደስታ ቃል አይገልጸውም። ነገር ግን ያቺ ዕለት የጤና መልእክቱን ገደለችው። ለቅሶ ቤት አምስት ሆናችሁ ተቀመጣችሁ ተብለው የተገሠጹ ሰዎች ያንን ሲያዩ ምን ይበሉ? በ2013 የምርጫ ቅስቀሳ ሲመጣ ደግሞ ማስክ አገጭ ላይ ወረደ፣ ከዚያም ኪስ ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ጨርሶ ተረሳ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ሠርቷል፣ እሱን ማንም ሲያነሳው አልሰማም። የ2012 የፋሲካ ሰሞን ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ወሰነ። መስጊዶችም የጀማዓ ሶላት አቆሙ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ዙሪያውን አስቡት፣ ለትንሣኤ ሌሊት ቦታ የማይገኝበት ቅጥር! እናቴ ደጁን ከሩቅ ተሳልማ ተመለሰች። አልቅሳለች። ግን ተመለሰች። ፖሊስ አልመለሳትም። ያስተማሯት አባቶች «ግድ የለም፣ ከቤት ሆናችሁ ጸልዩ፣ ይደርሳል» ስላሏት ነው።

እድርም እንደዚያው። እኛ ሰፈር የእድሩ ሽማግሌዎች ራሳቸው ተሰብስበው መላ አበጁ። ድንኳን ይተከላል ግን ሰው በዙር ይገባል። ከቀብር መልስ እጅ መታጠቢያ ውኃ በር ላይ ይቀመጣል። ሠልስት ያጥራል። ንፍሮና እንጀራ በጋራ ትሪ መቅረቡ ቀርቶ በየሰዉ ይሆናል። ይሄን ማንም የጤና ቢሮ ሰው መጥቶ አላዘዛቸውም። ለቅሶ እንዴት እንደሚቀመጥ ከነሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። እኔ የጤና ኃላፊ ብሆን በመጋቢት 2012 መጀመሪያ የምጠራው ስብሰባ የእድር ዳኞችን ነበር። ከዚያ የገበያ ሴቶችን፣ የባጃጅ ማኅበራትን፣ የጀልባ ማኅበራትን። የተጠራው ግን መጀመሪያ ፖሊስ ነው።

ስለ ቁጥሩም ማውራት ግድ ነው። ጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ እያሉ ያሳውቁ ነበር። ይሄ ጥሩ ልምድ ነው፣ በአገራችን ያልተለመደ ግልጽነትም ነው፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የጎደለው ማብራሪያው ነው። ብዙ ሲመረመር ብዙ ይገኛል፣ ትንሽ ሲመረመር ትንሽ። ምርመራው ሲቀንስ ቁጥሩ ወረደ፣ ሕዝቡም «አለቀ» ብሎ አነበበው። በአጠቃላይ በይፋ የተመዘገበው ወደ 500 ሺህ የተያዘ ሰውና ከ7,500 በላይ ሞት ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ማለት ነው። «ያካብዱታል» የሚለው ሰው ይቺን ቁጥር ይዞ ነው የሚከራከርህ። ነገር ግን ቁጥሯ ውስጥ የገባው ተመርምሮ የተገኘበት ብቻ ነው። ቤቱ ሆኖ ትንፋሽ አጥሮት የሞተው አዛውንት «ሳንባ ምች» ተብሎ ነው የተቀበረው። እሱን ማን ቆጠረው?

የጤና ሠራተኞቹ ጉዳይ ከሁሉም ያቃጥለኛል። የማውቃት ነርስ አለች። የምትሠራበትን ቦታ አልናገርም። አንዷን ማስክ ቤት ወስዳ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ በማግሥቱ መልሳ ታደርጋት ነበር። ቤት ስትመለስ ልጆቿን በመስኮት ነው የምታያቸው። የተባለው የአደጋ ተጋላጭነት አበል እየዘገየ ሲንከባለል ቆየ፤ መጠየቅ ደግሞ እንደ ስግብግብነት ተቆጠረ። በዚያ ላይ ያከራያት ሰው «ኮሮና ታመጪብናለሽ» ብሎ ቤት ልቀቂ አላት። በቴሌቪዥን ጭብጨባ ነበር። ያንን ጭብጨባ ስታስታውሰው ፊቷ ይለወጣል።

እሷ ናት የኦክስጅንን ነገር ያስረዳችኝ። ያኔ ሁላችንም ስለ ቬንትሌተር፣ ስለ መተንፈሻ ማሽኑ፣ ነበር የምናወራው። አብዛኛው በጽኑ የታመመ ሰው የሚፈልገው ግን ኦክስጅን ነው። ሲሊንደሩ ሞልቶ ይምጣ፣ ቱቦው ይሥራ፣ መብራት አይጥፋ፣ የሚከታተል ነርስ ይኑር። አለቀ። ለዚህ ያወጣነው ገንዘብ ደግሞ ዛሬም ለሳንባ ምች ሕፃን፣ ምጥ ለጠናባት እናት ይጠቅማል። ባለፉት ዓመታት ምን ያህሉ ተተከለ፣ ምን ያህሉ ተበላሽቶ ቆመ? ይሄ ለሕዝብ መነገር ያለበት ነገር ነው።

«ጦርነት ባለበት፣ ኑሮ በተወደደበት አገር የኮሮና ዶሴ ማን ይከፍታል?» የሚሉኝ አሉ። ይገባኛል። ግን እኮ ሌሎችም አገሮች ችግር ሳያጡ አድርገውታል። ደቡብ አፍሪካ የኦዲት መሥሪያ ቤቷ ወረርሽኙ ገና ሳያልቅ የኮሮናን ወጪ እየመረመረ ሪፖርቱን ለሕዝብ አወጣ፤ የጤና ሚኒስትሯም ከአንድ የማስታወቂያ ውል ጋር በተያያዘ በአውሮፓውያኑ 2021 ከሥልጣን ወረዱ። የኬንያ ፓርላማ የሕክምና ዕቃ ግዢውን ጉዳይ ኃላፊዎችን ጠርቶ ጠየቀ። እንግሊዝ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ሳይቀር ሕዝብ እያየ በመሐላ አስመሰከረች። ማሰር አይደለም የምለው። ይጠየቁ፣ ይመልሱ፣ ይጻፍ ነው የምለው።

ደግሞስ በሽታው ቆሞ አይጠብቀንም። በ2015 ክረምት ኮሌራ ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ሰው ሲጨርስ አይተናል። በአውሮፓውያኑ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፤ ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። «ጠበል ቦታው ለጊዜው ይዘጋ»፣ «ቤታችሁ ይረጭ»፣ «ልጁን አስከትቡት» ሲባል ሰው የሚሰማው ባለፈው ጊዜ እውነት እንደተነገረው ሲያምን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲያችን፣ የቀረበው ይቅደም፣ ሕዝብ የሚገባበት መድረክ ይክፈት። የ14ቱን ቀን ውሳኔ የወሰኑት መጥተው ያስረዱ። የተሰበሰበው እህልና ብር የት እንደደረሰ በቀበሌ በቀበሌ ይነበብ። ነርሶቹ ስም ሳይጠቀስ ይመስክሩ። እኚያ እንጀራ አቅራቢ እናትም ይጠሩ።

የሞቱንም ነገር ማወቅ ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 2001 ተመራማሪዎች በኤድስ የሞተውን ሰው ብዛት ለማወቅ የመቃብር ቦታዎችን መዝገብ መከታተል ጀምረው ነበር። እኛም አንድ የታወቀ መዝገብ አለን። እድር ለሟች ቤተሰብ ብር ስለሚከፍል ማን መቼ እንደሞተ በቀን በቀኑ ይጽፋል። የ2012፣ የ2013 እና የ2014ን ሞት ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ጋር ማስተያየት ነው። ትርፉ ቁጥር እዚያ ይገኛል፣ ሁሉም በኮሮና ነው ባይባልም። የኛን እድር ጸሐፊ ጠይቄያቸዋለሁ። መዝገቡ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ሽማግሌዎቹ ከፈቀዱ ለማሳየት ችግር የለብኝም ብለዋል። በየሰፈሩ ያለው እድርም እንዲሁ ነው። የጤና ቢሮ ሰዎች ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይምጡ፤ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር አገናኛለሁ።