የወይራ ዘይትን በጉሮሮ መመዘን

ደህና የሆነ ኤክስትራ ቨርጂን፣ ማለትም ከፍተኛው ደረጃ የተሰጠው፣ የወይራ ዘይት በባዶው ሲቀመስ ምላስ ላይ ይመርራል፣ ጉሮሮ ይከነክናል፣ አንዳንዴም ያስላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ተበላሽቷል እንዴ?» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሚመርረውና የሚከነክነው ያ ሁሉ የሚወራለት አንቲኦክሲደንት፣ ማለትም ነገር በኦክስጅን እንዳይበላሽ የሚከላከለው ውህድ፣ ራሱ ነው።

መቅመስ ለመማር የተነሳሁት ይኸው አንቲኦክሲደንት የሚባል ቃል ስላሰለቸኝ ነው። ከሻምፖ እስከ ብስኩት የማይለጠፍበት ነገር የለም። ያለ ላብራቶሪ፣ በራሴ አፍንጫና ምላስ ብቻ፣ ዘይቱ ውስጥ መኖሩን መለየት ይቻል እንደሆነ ማየት ፈለግኩ። ይቻላል፤ ግን እስከ አንድ ደረጃ ድረስ።

የጀመርኩት ከመስፈርቱ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ማድሪድ የሆነው ዓለም አቀፉ የወይራ ምክር ቤት ባወጣው መስፈርት፣ ኤክስትራ ቨርጂን ለመባል የዘይቱ አሲድነት ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም። ኦክሳይድ መሆን፣ ማለትም በኦክስጅን መበላሸት፣ መጀመሩን የሚያሳየው የፐርኦክሳይድ ልኬት ደግሞ ከ20 አይበልጥም። ከዚያ የሰለጠኑ ቀማሾች ከ8 እስከ 12 ሆነው ይቀምሱታል። የእንከን ነጥቡ ዜሮ፣ የፍሬ ጣዕሙ ከዜሮ በላይ መሆን አለበት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፖሊፌኖል፣ ማለትም የዘይቱ ዋነኛ አንቲኦክሲደንት፣ ቢያንስ ይህን ያህል ይኑረው የሚል መስመር የለም። ስለዚህ ሁለት ጠርሙሶች እኩል «ኤክስትራ ቨርጂን» ተብለው፣ አንዱ በኪሎ ከ100 ሚሊግራም በታች፣ ሌላው ከ500 በላይ ሊይዝ ይችላል።

ጠርሙስ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የአሲድነት ቁጥርም ቢሆን ምላስ አይደርስበትም። ፍሬው ጤነኛ እንደነበርና ሳይውል ሳያድር እንደተጨመቀ ይናገራል። ከዚያ በኋላ መደርደሪያ ላይ የደረሰበትን ጣጣ ግን አይናገርም።

አቀማመሱ ከባድ አይደለም። ከታች ሰፋ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ሾርባ ማንኪያ ያህል አፈስሳለሁ። በአንድ እጄ ከሥሩ አቅፌ፣ በሌላው አፉን ከድኜ አሞቀዋለሁ። ባለሙያዎቹ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀምሱት። ብርጭቋቸውም ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ እንዳይሸውዳቸው። አረንጓዴ ዘይት ጥሩ ነው የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። እኔ ብርጭቆዬን በወረቀት እጠቀልላለሁ፤ ያው ነው።

ከዚያ ክዳኑን አንስቼ አሸታለሁ። ትኩስ የታጨደ ሣር፣ የቲማቲም ቅጠል፣ ጥሬ ለውዝ ከሸተተኝ ጥሩ ነው። ትንሽ ጎንጭቼ፣ ጥርሴን ገጠም አድርጌ፣ አየር በድምፅ እስባለሁ። ሰው ፊት ያሳፍራል፤ ግን ጠረኑን ወደ አፍንጫ የሚያወጣው እሱ ነው። ምሬቱ ወዲያው ይመጣል። ክንከናው ግን ይዘገያል። ዋጥ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ወደሚቀጥለው የቸኮለ ሰው ያመልጠዋል። በየመሃሉ ውሃና ቁራሽ አረንጓዴ ፖም እወስዳለሁ። ዳቦ አልነካም፤ ዳቦ ሁሉንም ዘይት ያጣፍጣል።

ያ ክንከና ኦሊዮካንታል ከሚባል ውህድ ነው። ጋሪ ቢቻምፕ የተባለ ተመራማሪ ሲሲሊ ውስጥ ትኩስ ዘይት ሲቀምስ፣ ጉሮሮው የተቆጣው ኢቡፕሮፌን የተባለውን ህመም ማስታገሻ በፈሳሽ መልክ ሲውጥ በሚያውቀው መንገድ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ውህዱ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች የሚያግዱትን ኢንዛይም እንደሚያግድ አሳዩ። ግን እንረጋጋ። በእነሱው ስሌት በቀን 50 ግራም ዘይት የሚሰጠው ለአዋቂ ከሚታዘዘው የህመም ማስታገሻ መጠን 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ራስ ምታት በዘይት አይታከምም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ አንድ ቀላል ሙከራ ነው። ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ትንንሽ ብልቃጥ እስከ ግማሽ ሞላሁ። አንዱን ብርሃን የሚገባበት መስኮት ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ከሳምንታት በኋላ የመስኮቱ አረንጓዴነቱን ጥሎ ገርጥቷል። የሣሩ ጠረን የለም። በምትኩ የከረመ ለውዝና የልጆች ክሬዮን ይሸታል። ምሬቱ ሟሟ፤ ከዋጥኩት በኋላ አፌ ላይ ቅባት ተለጥፎ ቀረ። የቁም ሣጥኑ ግን አሁንም ያስላል።

ምክንያቱ ሲገባኝ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመ። ፖሊፌኖል መጀመሪያ የሚጠብቀው እኛን ሳይሆን ዘይቱን ነው። ኦክስጅን ሲመጣ ቀድሞ ራሱ ይመታል፤ እሱ ሲያልቅ ስቡ ይበላሻል። አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው ክሎሮፊል ደግሞ ብርሃን ሲያገኝ ነገሩን ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው የሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ዘይት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የማልገዛው። ጥቁር ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ይሻላል።

ከ«ይህን ቀን ሳያልፍ ይጠቀሙ» ይልቅ ፍሬው የተለቀመበትን ጊዜ ነው የምፈልገው። ገና አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ፍሬ ዘይቱ ያንሳል፤ ፖሊፌኖሉ ግን ይበዛል። ዝርያም ወሳኝ ነው። የጣሊያኑ ኮራቲና፣ የስፔኑ ፒኩዋልና የግሪኩ ኮሮኔይኪ ኃይለኞች ናቸው። አርቤኪና ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ መሆኑ እንከን አይደለም፣ ጠረኑ ትኩስ እስከሆነ ድረስ። የሚያስፈራው ለስላሳም ሆኖ ምንም የማይሸት ዘይት ነው። «ላይት» የሚባለውም በብዛት የተጣራ ነው፤ ሲጣራ ፖሊፌኖሉ አብሮ ይሄዳል። ካሎሪው ግን ያው ነው።

ምላስ መኖሩን ይናገራል እንጂ ቁጥር አይሰጥም። ቁጥር የፈለገ የላብራቶሪ ውጤት ማየት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ፣ ፖሊፌኖሉ የደም ቅባትን ከኦክሳይድ ጉዳት ለመከላከል ያግዛል ብሎ ለመጻፍ፣ በ20 ግራም ዘይት ውስጥ ቢያንስ 5 ሚሊግራም ሃይድሮክሲታይሮሶል የሚባለው ፖሊፌኖልና ተዛማጆቹ መኖር አለባቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ የተለካበትን ቀን እፈልጋለሁ። ፖሊፌኖል በየወሩ ይቀንሳልና የአምናው ቁጥር የዛሬው አይደለም።

ፍሪጅ ውስጥ ከረጋ ንጹሕ ነው የሚባለውን ፈተና ግን ተዉት። መርጋቱ በስቡና በሰሙ ዓይነት ይወሰናል፤ ስለ ጥራቱ የሚለው ነገር የለም።

አሁን ትንሽ ጠርሙስ ነው የምገዛው። የከፈትኩበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ለመጨረስ እሞክራለሁ። የሚከነክነውን ለሰላጣ፣ ለስላሳውን ለመጥበሻ። ከምድጃው ጎንም አይቀመጥም። ባለቀ ጠርሙስ ላይ ደግሞ አዲስ ዘይት አልገለብጥም፤ ከታች የቀረው አሮጌ ዘይት አዲሱንም ቶሎ ያበላሸዋል።